አልፎንስ ፔኖና በላስቲክ ኃይል የሚበረው ሄሊኮፕተር

ስለ በረራ ታሪክ ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የራይት ወንድማማቾች ስም ነው። ነገር ግን እነዚህ ወንድማማቾች በልጅነታቸው የተደነቁበትን በራሪ መጫወቻ ያስገኘው ሰው በአውሮፕላን ምሕንድስና ታሪክ ውስጥ የራሱ የከበረ ስፍራ አለው። ይህም ሰው ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ ነው።

ፔኖ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850 በፓሪስ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበሩና ልጁም ፈለጋቸውን ለመከተል ይመኝ ነበር። ይሁን እንጂ ገና በለጋነቱ የዳሌ በሽታ ስለ ያዘው በምርኩዝ ለመሄድ ተገደደ። የባሕሩ መንገድ ሲዘጋበት ሐሳቡን ሁሉ ወደ አየር መለሰ።

በዚያ ዘመን ሰው ወደ አየር የሚወጣው በባሉን ነበር። ከአየር የሚከብድ መሣሪያ ለማብረር የሚደክሙትን ሁሉ ያሰናከላቸው ዋነኛው ችግር ቀላልም ብርቱም የሆነ የኃይል ምንጭ መታጣቱ ነው። የእንፋሎት ሞተር ከነማሞቂያው እጅግ ከባድ ነበር። በ1784 ሎኗና ቢያንቬኑ የተባሉ ፈረንሳውያን በወፍ ላባ የተሠሩ ሁለት ተሽከርካሪ ክንፎች ያሉት ትንሽ ሞዴል በደጋን ኃይል አስነሥተው ነበር፤ ሆኖም የደጋን ኃይል ወዲያው ያልቃል። ፔኖ በ1870 ያመጣው መፍትሔ ለማንም ቅርብ የሆነ ነገር ነበር፤ ይኸውም የተጠመዘዘ ላስቲክ ነው።

የሞዴሉ አሠራር እንዲህ ነው። ላስቲኩ በቀጭን አካል ላይ ተወጥሮ ጫፉ ከላይኛው ተሽከርካሪ ክንፍ ጋር ይያያዛል፤ ታችኛው ክንፍ ግን ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው። ላስቲኩ ተጠምዝዞ ሲለቀቅ የላይኛው ክንፍ በአንድ አቅጣጫ፣ አካሉም ከታችኛው ክንፍ ጋር በተቃራኒው ይዞራል። የክንፎቹ ዝንባሌ ተቃራኒ በመሆኑ ሁለቱም አየሩን ወደ ታች ይገፋሉ። ስለዚህ የአንደኛው የመጠምዘዝ ኃይል በሌላው ስለሚመዘን፣ ሞዴሉ ሌላ ማመዛዘኛ ሳያስፈልገው ቀጥ ብሎ ይነሣል።

ፔኖ በዚህ አልተወሰነም። በኦገስት 1871፣ በግንቦት ወር ከተቃጠለው የቱይለሪ ቤተ መንግሥት አጠገብ ባለው የአትክልት ስፍራ፣ ፕላኖፎር ብሎ የሰየመውን ትንሽ አውሮፕላን በአየር ጉዞ ማኅበር አባሎች ፊት አበረረ። ክብደቱ 16 ግራም ሲሆን ከዚህ ውስጥ 5 ግራሙ ላስቲክ ነበር። ሞዴሉ በ11 ሴኮንድ 40 ሜትር ያህል ሄደ። ትልቁ ቁም ነገር ግን ርቀቱ አልነበረም። ፔኖ ጭራውን ከክንፉ ባነሰ ማዕዘን አዘንብሎ፣ የክንፉንም ጫፎች ወደ ላይ አቅንቶ ስለ ሠራው፣ ሞዴሉ የሚመራው ሰው ሳይኖር ሚዛኑን ራሱ ይጠብቅ ነበር። ላስቲኩ የኃይሉን ጥያቄ ለጥቂት ሴኮንዶች ስለ መለሰለት፣ የሚዛኑን ጥያቄ ለብቻው ነጥሎ ለመመርመር ቻለ።

በ1876 ከፖል ጎሾ ጋር ሆኖ ለሁለት ሰዎች የሚሆን ትልቅ አውሮፕላን ነድፎ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በንድፉ ላይ ሁለት ፕሮፔለሮች፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ የማረፊያ እግሮች፣ እንዲሁም የጭራውን መሪዎች አንድ ላይ የሚያዝ ነጠላ ዘንግ ይታያሉ። እነዚህ ሁሉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአውሮፕላኖች ላይ የተለመዱ ሆኑ። ነገር ግን ለአውሮፕላኑ የሚስማማ ቀላል ሞተር ገና አልተፈጠረም፤ ገንዘቡን የሚሰጠውም አልተገኘም። ሕመሙ ጸንቶበት፣ ተስፋውም ተሟጥጦ፣ ንድፎቹን በትንሽ የሬሳ ሣጥን አድርጎ ድጋፉን ይጠብቅ ለነበረው ለኦንሪ ዢፋር እንደ ላከለት ይነገራል። በኦክቶበር 1880፣ በ30 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ፔኖ ባያውቀውም ሥራው ባሕር ተሻግሮ ነበር። በ1878 የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩት ሚልተን ራይት የእርሱን ንድፍ የተከተለ፣ በላስቲክ የሚበር ሄሊኮፕተር ለልጆቻቸው ለዊልበርና ለኦርቪል አመጡላቸው። ልጆቹ መጫወቻውን እየቀዱ ሲሠሩ፣ መጠኑ በጨመረ ቁጥር መብረሩ እየቀነሰ መሄዱ ግራ አጋባቸው። ምክንያቱን የተረዱት ኋላ ነው፤ መጠኑ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዲሴምበር 1903 ያደረጉት የመጀመሪያ በረራ 12 ሴኮንድ ቆይቶ 37 ሜትር ያህል ሄደ፤ ይህም የፕላኖፎርን በረራ ያህል መሆኑ ነው።

ዘግይቶም በአሜሪካ የተማሪዎች የሳይንስ ውድድሮች በላስቲክ የሚበር ሄሊኮፕተር ሠርቶ በአየር ላይ የማቆየት ፈተና ቀርቧል። ተወዳዳሪው የሚታገለው ከዚያው ከፔኖ ጥያቄ ጋር ነው። ወፍራም ላስቲክ ብርቱ ጉልበት ይሰጣል፤ ዙሩ ግን ጥቂት ነው። ቀጭንና ረጅም ላስቲክ ብዙ ዙር ይይዛል፤ ጉልበቱ ግን ሞዴሉን ለማንሣት ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ከአካሉ የሚቀነስ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው።

ፔኖ በሕይወቱ ሳለ ያጣው የዕውቀት ችሎታ አልነበረም፤ ሥራው ትንሽ ስለ ሆነ ሳይንቅ ማስረጃውን የሚመዝንለት ሰው ነበር። በ16 ግራም ሞዴል የተረጋገጠ ሕግ ለትልቁም አውሮፕላን ያው ሕግ ነው። አንድ ወጣት ትንሽ ሞዴል ይዞ ወደ ሙያው ሰዎች ሲቀርብ፣ የፔኖ ዕጣ እንዳይደርስበት መጠበቅ የእነርሱ ፋንታ ነው።