የሯጮች መምህር ኦኒ ኒስካነን

የሰብሉን ማማር የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ማሳውን ማን እንዳረሰው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በስፖርትም ዓለም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም፤ ከታናናሽ ወንድሞቻችን ጀምሮ እስከ አያቶቻችን ድረስ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ሁሉም ይተርካል። ያሠለጠነው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። እኔም ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ፥ ስለ አሸናፊው ብዙ የተጻፈ መሆኑን አይቼ፥ ስለ አሠልጣኙ ስለ ኦኒ ኒስካነን ለመጻፍ ቆረጥሁ። አንባቢ ግራ እንዳይጋባ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑን የምጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ኦኒ ኒስካነን በ1902 ዓ.ም. ፒየክሳማኪ በምትባል የፊንላንድ ከተማ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ ስዊድን ስለ ፈለሱ ያደጉትና የተማሩት በዚያ ነው። በወጣትነታቸው ስፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ በኋላም ወደ ውትድርና ገቡ። በ1932 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ፊንላንድን በወረረች ጊዜ፥ ስዊድን ራሷ ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ፥ ኒስካነን ግን በፈቃዳቸው ዘምተው ለተወለዱባት አገር ተዋጉ። ትንሽ አገር በትልቅ ጎረቤት ስትወረር ምን እንደሚሆን በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩና፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወረራ ወጥታ ወደ ነበረችው ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸው እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለኝም።

በዚያን ጊዜ አገራችን ጣልያንን ካስወጣች ገና ብዙ አልቆየችም። ትምህርት ቤቱም ሠራዊቱም እንደ ገና መቋቋም ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስዊድን ጋር ቀድሞም ወዳጅነት ነበራቸው፤ ከወረራው በፊት የሆለታን የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በቫይኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ከነጻነት በኋላም የአየር ኀይላችንን በማደራጀት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የተባሉት ስዊድናዊ ብዙ ደክመዋል። ኒስካነንም እንደ እነዚህ ተጠርተው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። ሥራቸውም የክብር ዘበኛ ዕጩ መኮንኖችን የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማር ነበረ፤ ይኸው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዲስፋፋም በትምህርት ሚኒስቴር በኩል አገለገሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ኒስካነን አገራችን ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ድል እስኪገኝ ድረስ 14 ዓመት አልፏል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ በዚያም አንድም ሜዳልያ አላገኘችም። በኋላ ስሙ የገነነው ማሞ ወልዴ እንኳ ያን ጊዜ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ በማጣሪያው ቀርቷል። ማሠልጠን ማለት ዛሬ ዘርቶ ነገ ማጨድ አይደለም።

ኒስካነን የሯጮችን ልምምድ በዕውቀት ላይ መሠረቱት። ስዊድናውያን ፋርትሌክ የሚሉት፥ ትርጉሙም በፍጥነት መጫወት የሆነ፥ በእነ ጎስታ ሆልመር የተስፋፋ የአሯሯጥ ዘዴ አላቸው። ሯጩ በሜዳና በዳገት ሲሮጥ አንድ ጊዜ ይፈጥናል፥ አንድ ጊዜ ያዘግማል፤ እንዲህ እያደረገ ልቡንና ሳንባውን ያጠነክራል። ሌላው ዘዴ ረጅሙን ርቀት በክፍል ከፍሎ፥ በመካከሉ አጭር ዕረፍት እየሰጡ፥ ሰዓት ይዞ ደጋግሞ ማስሮጥ ነው። ሦስተኛው በረጅም መንገድ ላይ ጽናትን መለማመድ ነው። እነዚህ ሁሉ ከአዲስ አበባ አየር ጋር ተጋጠሙ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች በአየሩ ውስጥ የሚገኘው ኦክሲጅን አነስተኛ ነው፤ በዚህ አየር የሚኖር ሰው ደሙ ኦክሲጅን የመሸከም ኀይሉ ይጨምራል። የባዮሎጂ ትምህርት የተማርን ሁሉ ይህን እናውቃለን። ደጋው ተፈጥሮ የሰጠን ሀብት ነው፤ ልምምዱ ግን ሰው የሚጨምርበት ነው።

አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በሚባል ቀበሌ ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል በሩጫ ችሎታው ታወቀና ከኒስካነን እጅ ገባ። በ1952 ዓ.ም. ክረምት ወደ ሮማ ከተጓዙት የማራቶን ሯጮቻችን አንዱ እሱ፥ ሌላው አበበ ዋቅጅራ ነበሩ። ኒስካነን ውድድሩ ከመድረሱ በፊት አበበን ይዘው መንገዱን ተመለከቱ። በዚያ መንገድ ላይ ፍጻሜው ሲቃረብ በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተወስዶ ሮማ የተተከለው ሐውልታችን ቆሞ ነበር። ከሐውልቱ አጠገብ መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው። አሠልጣኙና ሯጩ ተመካክረው፥ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ተቀናቃኙን የሚጥለው በዚያ ስፍራ እንዲሆን ወሰኑ። ለውድድሩ የተገኘው አዲስ ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተስማሙ፤ በአገሩም በባዶ እግር መሮጥ የለመደው ነበረ።

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ ሩጫው ወደ ማታ ተጀመረ፤ ጨለማ ሲሆንም የኢጣልያ ወታደሮች ችቦ ይዘው በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳር ቆመው አበሩ። ኒስካነን ለአበበ፥ የሚያሠጋው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ስለ ሆነ 26 ቁጥርን እንዲጠብቅ አስጠንቅቀውት ነበር። ራዲ ግን ቀደም ብሎ በ10,000 ሜትር የሮጠበትን 185 ቁጥር ሳይለውጥ መጣ። አበበም ከጎኑ የሚሮጠው ሰው ያው የተባለው ሰው መሆኑን ሳያውቅ፥ 26 ቁጥርን ከፊት አለ እያለ በዓይኑ ይፈልግ ነበረ። ከሐውልቱ ዘንድ ሲደርሱ እንደ ተማከሩት ፈጠነ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ በሆነ ጊዜ፥ ራዲን በ25 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ፥ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። የዓለም ፈጣን ሰዓትም ሆነ፤ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም እሱ ነው። አበበ ዋቅጅራ ደግሞ 7ኛ ወጣ። ያ ሐውልት ዛሬ በሮማ የለም፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ተተክሏል።

ከአራት ዓመት በኋላ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊደርስ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ተይዞ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቁስሉ ሳይሽር ቢያስሮጡት ይጎዳል፤ ብዙ ቢያሳርፉት ጉልበቱ ይደክማል። የአሠልጣኝ ብልኀት የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። አበበ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዱ ተመለሰና ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ እንደ ገና የዓለምን ፈጣን ሰዓት አሻሽሎ አሸነፈ። ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው፤ ከገባም በኋላ በሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ተደነቀ። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ግን አበበ እግሩን ታሞ ስለ ነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ያን ቀን ያሸነፈው፥ በሜልቦርን በማጣሪያ የቀረው፥ በዚህ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ያገኘው ማሞ ወልዴ ነው። ማሞም የኒስካነን ደቀ መዝሙር ነበረ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው፤ የማሞ ትዕግሥት ከአሠልጣኙ ትዕግሥት ጋር አብሮ የሚነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ኀዘን ያለበት ነው። በዚያው በ1961 ዓ.ም. አበበ መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም ቀስት በመወርወር፥ በኖርዌይም በበረዶ ላይ በመንሸራተት ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ኒስካነን ደግሞ ሥራቸው ሩጫ ብቻ አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አገልግለዋል፤ በሥጋ ደዌ መከላከል ሥራም ደክመዋል። ሕዝብ የሚያጨበጭብለትን ሯጭ ያሠለጠኑ ሰው፥ ሰው የሚሸሻቸውንም በሽተኞች ማገልገላቸው እኔን ከድሉ ይልቅ አስደንቆኛል። በ1976 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው በስዊድን ዐረፉ።

ስለ እሳቸው ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰጥ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ የደጋ ልጅ ለመሮጥ የውጭ አገር አስተማሪ አያሻውም ይላል። ሌላው ደግሞ ኒስካነን ባይመጡ አበበ የሚባል ሯጭ አይኖርም ነበር ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ለመጀመሪያው የምመልሰው፥ ደጋው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሲሆን ሜዳልያው ግን ልምምድ እስኪደራጅ ድረስ አለመምጣቱን ነው። በአንድ ሯጭ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው ማለት ይቻል ነበር፤ በተከታታይ ሦስት ኦሎምፒክ በሁለት ሰዎች ማራቶንን ማሸነፍ ግን ከዕድል በላይ ነው። ለሁለተኛው የምመልሰው የሮማን ታሪክ ነው። አሠልጣኙ የነገሩት ቁጥር ሳይገኝ ሲቀር፥ በጨለማው መንገድ ላይ ብቻውን አስቦ ብቻውን የሮጠው አበበ ነው። አሠልጣኝ መንገዱን ያሳያል፤ 42 ኪሎ ሜትሩን ግን አይሮጥለትም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ፥ ድሉ የሁለቱ ነው።

ኒስካነን የጀመሩት ሥራ በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጥሏል። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ እነ ደራርቱ ቱሉን፥ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና እነ ቀነኒሳ በቀለን አሠልጥነዋል። መልካም የውጭ አገር መምህር የሚባለው ሲሄድ ቦታው ባዶ የማይቀር መምህር ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ በመካከላችን ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው የሚሮጡ ልጆች አሉ። ሮጠው ሲያሸንፉ ልናጨበጭብላቸው ይገባል፤ ነገር ግን በብርድ ሰዓት ይዘው የሚቆጥሩላቸውን አሠልጣኞችም ማክበር አለብን። የሰውነት ማጎልመሻንም ክፍለ ጊዜ እንደ ዕረፍት አንቁጠረው። የተከበራችሁ ወላጆችም፥ ልጃችሁ በአንድ ዓመት ሳያሸንፍ ቢቀር ተስፋ አትቁረጡ፤ ማሞ ወልዴን 12 ዓመት መጠበቅ አስፈልጎ ነበርና። የኦኒ ኒስካነን ሕይወት ለእኔ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ሌላው ሰው እንዲቀድም መድከም፥ ራስን ከማስቀደም የማያንስ ክብር ነው።