ኤድዋርድ ሎይድ

ኤድዋርድ ሎይድ (1648 ገደማ – የካቲት 1713 እ.ኤ.አ.) በለንደን ከተማ የቡና ቤት ባለቤት የነበረ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የመርከቦችን መምጣትና መሄድ የሚገልጽ ወሬ ከየወደቡ እየሰበሰበ በማሳተሙ ይታወቃል። የሎይድስ የመድን (ኢንሹራንስ) ገበያ፣ ሎይድስ ሊስት የተባለው የመርከብ ጋዜጣ፣ እንዲሁም ሎይድስ ሬጅስተር የተባለው የመርከብ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ሎይድ ራሱ ግን መድን ሰጪ አልነበረም፤ መተዳደሪያው ቡና መሸጥ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወት

ስለ ሎይድ ልጅነት የተመዘገበው ጥቂት ነው። በ1680 አካባቢ ከባለቤቱ ከአቢጌል ጋር በለንደን፣ በታወር ጎዳና አቅራቢያ ይኖር ነበር። በሹራብና ካልሲ ሠሪዎች የሙያ ማኅበር አባል ቢሆንም ኑሮውን የመሠረተው በዚያ ሙያ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ቡና ለእንግሊዝ ገና አዲስ መጠጥ ነበር። የተክሉ መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ቢሆንም፣ ለንደን የሚደርሰው ቡና በየመን ከሞካ ወደብ የሚጫን ነበር። የለንደን ቡና ቤቶች ሰዎች ተቀምጠው ወሬ የሚለዋወጡባቸውና ንግድ የሚዋዋሉባቸው ቦታዎች ሆነው ነበር። እያንዳንዱም ቤት የራሱ ዓይነት ደንበኞች ነበሩት።

ቡና ቤቱ

የሎይድ ቡና ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተጠቀሰው በለንደን ጋዜት ላይ ሲሆን፣ ጋዜጣው የያዘው ቀን በዘመኑ የእንግሊዝ አቆጣጠር የካቲት 1688 ነው። የተሰረቁ 5 የኪስ ሰዓቶችን የሚያውቅ ሰው በታወር ጎዳና ወደሚገኘው ወደ ሎይድ ቡና ቤት መጥቶ እንዲናገር የሚጠይቅ ማስታወቂያ ነበር። ቤቱ ለቴምዝ ወንዝ ወደብና ለጉምሩክ ቅርብ ስለነበረ የመርከብ አዛዦች፣ የመርከብ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ያዘወትሩት ነበር።

በ1691 ሎይድ ወደ ሎምባርድ ጎዳና ተዛወረ። ቦታው ከለንደን ዋና ፖስታ ቤት አጠገብ ስለነበር ከየወደቡ የሚመጣ ደብዳቤ ቶሎ ይደርሰው ነበር። በአዲሱ ቤት መርከቦችና ዕቃዎች በሻማ ሐራጅ ይሸጡ ነበር። ትንሽ ሻማ ተለኩሶ፣ እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው ይገዛ ነበር።

የመርከብ ወሬና ጦርነት

ከ1689 እስከ 1697 እንግሊዝና አጋሮቿ ከፈረንሳይ ጋር በጦርነት ላይ ነበሩ። አንድ መርከብ ወደ ሜዲትራኒያን ወይም ወደ ካሪቢያን ከሄደ በኋላ መድረሱን፣ መስጠሙን ወይም መማረኩን ለማወቅ ሳምንታትና ወራት ያልፉ ነበር። በመድን ውል ላይ ስሙን የፈረመ ሰው፣ መርከቡ ከጠፋ በተፈራረመበት መጠን ከገዛ ሀብቱ ይከፍላል። ስለዚህ እውነተኛ ወሬ ቀድሞ ማግኘት ከመክሰር የሚያድን ነገር ነበር።

የዚህ ችግር ትልቁ ማሳያ በ1693 የደረሰው ጥፋት ነው። ወደ ሰምርኔስ የሚጓዙ 400 ያህል የንግድ መርከቦች በእንግሊዝና በሆላንድ የጦር መርከቦች ታጅበው ተነሡ። ዋናው የጦር ኃይል ግን የፈረንሳይ መርከቦች የት እንዳሉ ሳያረጋግጥ ከመንገድ ተመለሰ። የፈረንሳዩ አድሚራል ቱርቪል በፖርቱጋል ጠረፍ በሌጎስ አጠገብ ጠብቆ 90 ያህሉን ማረከ ወይም አወደመ። ብዙ የለንደን መድን ሰጪዎችም ለኪሳራ ተዳረጉ።

ሎይድ በ1690ዎቹ ወደ እንግሊዝ ወደቦች የገቡትንና የወጡትን፣ በውጭ ወደቦችም የታዩትን መርከቦች የሚዘረዝር ወረቀት በየሳምንቱ ያሳትም ነበር።

ሎይድስ ኒውስ

በመስከረም 1696 ሎይድ በሳምንት 3 ጊዜ የሚወጣ ሎይድስ ኒውስ የተባለ ጋዜጣ ጀመረ። ይህኛው ከመርከብ ወሬ ሌላ የጦርነትና የአገር ውስጥ ዜናም ይይዝ ነበር። በየካቲት 1697 በወጣው 76ኛው እትም ላይ ኩዌከር የተባሉ የሃይማኖት ማኅበር ሰዎች ለመኳንንት ምክር ቤት አቅርበውታል ስለተባለ አቤቱታ ዜና ወጣ። ምክር ቤቱ ዜናው መሠረተ ቢስ ነው ብሎ እንዲታረም አዘዘ። ሎይድ ግን ከማረም ይልቅ ጋዜጣውን መዝጋት መረጠ። የመርከቦቹ ዝርዝር ግን አልቆመም። ከዚያ ወዲህ የሎይድ ስም ከፖለቲካ ወሬ ርቆ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ጠፋ ከሚለው ጋር ብቻ ተያይዞ ቀረ።

ቤተሰብና ሞት

ሎይድ 3 ጊዜ አግብቷል። ልጁ ሃንዲ አባቷ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቡና ቤቱን ዋና አስተናጋጅ ዊልያም ኒውተንን አገባች፤ ቤቱም ለእነሱ ተላለፈ። ሎይድ በየካቲት 1713 ሞቶ በሎምባርድ ጎዳና በሚገኘው በቅድስት ማርያም ዉልኖዝ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ

በ1734 የቡና ቤቱ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ጄምሰን ሎይድስ ሊስትን ጀመረ። ጋዜጣው በወረቀት እስከ 2013 ታትሞ ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ብቻ ይወጣል። በ1771 79 መድን ሰጪዎች እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ አዋጥተው የራሳቸውን ቤት ለማቋቋም ተስማሙ፤ በ1774ም ወደ ሮያል ኤክስቼንጅ ሕንፃ ገቡ። ከ1811 ጀምሮ ገበያው በዓለም ወደቦች ወኪሎችን እየሾመ ስለ መርከቦች መረጃ ያሰባስብ ጀመር።

ይህ ሥራ የከፋ ገጽታም ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሎይድስ መድን ከተገባላቸው መርከቦች መካከል አፍሪካውያንን በባርነት የሚያጓጉዙ ይገኙባቸዋል። ተቋሙ በዚህ ንግድ ስለነበረው ድርሻ በ2020 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ዛሬ በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ ያሉ ከ300 ቶን መጠነ ይዘት ጀምሮ ያሉ የንግድ መርከቦች ማንነታቸውንና የሚገኙበትን ቦታ በራዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ እንዲይዙ ይገደዳሉ። ሎይድ በደብዳቤ ይጠባበቀው የነበረው ወሬ አሁን በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ሆኖም መሣሪያውን የሚያጠፉ ወይም የሐሰት ቦታ የሚያስተላልፉ መርከቦች ስላሉ፣ ወሬውን የማጣራት ሥራ እንደ ሎይድ ዘመን አሁንም አስፈላጊ ነው።