የእቴጌ ጣይቱ ማዕድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ከሚሴ ሲደርስ ቢርበው ከአንዱ ምግብ ቤት ጎራ ብሎ በገንዘቡ ይበላል። ጣፋጭ ቢያሰኘውም ኬክ በሻይ አዝዞ፣ ሒሳቡን ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል። የሸጠለትም ሆነ የገዛው ሰው አያፍርም። ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት ጥቂት አስቀድሞ በአገራችን ምግብ አብስሎ ለእንግዳ መሸጥ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ይህ አስተያየት እንዲለወጥ መንገድ ከከፈቱት ሰዎች መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስለ እቴጌይቱ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው በዐድዋ ዘመቻ የፈጸሙት ተግባር ነው። በዚህ ምንባብ ግን ሕይወታቸውን ከማዕዳቸው አንጻር እንመለከታለን።

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ከሰሜን መሳፍንት ወገን ነበሩ። በሴት አያታቸው በኩል ደግሞ የዘር ሐረጋቸው ወሎ ውስጥ ከየጁ ኦሮሞ ገዥዎች፣ ከነራስ ጉግሣ ይመዘዛል። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እምብዛም ያልተለመደ ሆኖ ሳለ፣ እርሳቸው ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አንኮበር ላይ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ጓዳ በእጃቸው ገባ።

የዘመኑ ቤተ መንግሥት ጓዳ ተራ ማድ ቤት አልነበረም። ንጉሥ ሹማምንቱንና ሠራዊቱን የሚያስተዳድረው በዐዋጅና በፍርድ ብቻ ሳይሆን ግብር በማብላትም ጭምር ነበር። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ብልት ለማን እንደሚቀርብ፣ ጠጁ በምን ተራ እንደሚቀዳ ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ነበረው። ተራው የተዛነፈበት ሹም እንደ ተናቀ ይቈጥረዋል፤ ንቀቱም ቂም፣ ቂሙም ሸፍጥ ሊወልድ ይችላል። ስለዚህ ግብር የምታሰናዳ እመቤት የአገር ሰላም በእጇ ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጣይቱ ታላቅ ግብር አበሉ። ለእንዲህ ያለው ድግስ ሥራው የሚጀመረው ከወራት በፊት ነው። ጠጅ ለመጣል አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት እስኪፈላ ድረስ ይቈያል። የእንጀራው ሊጥ ቀናት አስቀድሞ ይቦካል። በርበሬው ይደለዛል፤ ቅቤው በቅመም ይነጠራል፤ ዶሮው በየብልቱ ይገነጠላል። ቅመማ ቅመሙ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ነው፤ ኮረሪማው ለምሳሌ ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ተጭኖ ይደርሳል። የምግብ ታሪክን ያጠኑ ምሁራን፣ የየአካባቢው ምግብ ተሰባስቦ የአንድ አገር ማዕድ መልክ የያዘው በእንዲህ ያለው ግብር አማካይነት መሆኑን ይገልጻሉ።

ነገር ግን ከዚያ ግብር በኋላ ብዙም ሳይቈይ ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ፈጀው፤ በዚያም ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቈየው ረኃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የሚጠመድ በሬ በመጥፋቱ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል። ድግስ የለመደው ቤተ መንግሥት ለተራበው ሕዝብ ጎተራውን መክፈት ነበረበት። የሞላ ማዕድ ዘወትር ሞልቶ እንደማይኖር ያ ትውልድ በመራራ ዋጋ ተማረ።

በዚያው በክፉው ቀን ውስጥ፣ በ1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ አምባሰል ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ነበረው። የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በኢጣልያ በኩል ብቻ እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር። በ1882 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ የደፉት ጣይቱ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ጠቡ ወደ ጦርነት ባመራ ጊዜ፣ በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወሎ ውስጥ ወረ ኢሉ ላይ ተከቶ ወደ ሰሜን ሲዘምት እቴጌይቱም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ የመሰለው ስንቅ በአብዛኛው የሴቶች የእጅ ሥራ ነበር። መቀሌ ላይ የመሸገው የጠላት ጦር ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያመለከቱት እቴጌይቱ ናቸው፤ የተጠማውም ምሽግ እጁን ሰጠ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደግሞ ሴቶች ውሃ እየቀዱ ተዋጊውንና ቁስለኛውን እንዲያጠጡ አደረጉ። ለጠላት ውሃ መንሣት፣ ለወገን ውሃ ማድረስ፤ በጓዳ የለመዱት የመስፈርና የማደል ጥበብ በጦር ሜዳም አገለገላቸው።

ከድሉ በኋላ በአዲስ አበባ የውጭ አገር ሰው ቁጥር በረከተ። ለእነዚህ እንግዶች ማደሪያ ይሆን ዘንድ ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በእቴጌይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል ተመሥርቶ ሥራ ጀመረ። በሆቴሉም በአውሮፓ አሠራር የተሰናዳ ምግብ ይቀርብ ነበር። በእኛ ባህል ጣፋጭ ሲባል ማር ነው፤ እርሱም ቢሆን በአብዛኛው በጠጅ መልክ ይጠጣል። አውሮፓውያን ግን ምግባቸውን የሚያሳርጉት በጣፋጭ ነው። ለምሳሌ በቅቤ የታሸ ሊጥ ጋግረው፣ በላዩ ለስላሳ የክሬም አይብ ቀብተው፣ እንጆሪ ይደረድሩበታል። ማስካርፖኔ የሚባለውን ይህን አይብ የኢጣልያ የሎምባርዲያ ሰዎች የወተት ሥልባቦት አሙቀው፣ በሎሚ አርግተው፣ በጨርቅ አጥልለው ይሠሩታል። የከሚሴ አካባቢ ባለከብቶች ወተት አርግተው፣ ንጠው ቅቤና አይብ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ ይህም የወተት ጥበብ ነው። ሕዝባችን የባዕዱን የበላይነት አልቀበልም ብሎ ሲዋጋ፣ የእጁን ሙያ ግን አልናቀም።

የሆቴሉ ከባዱ ችግር ግን የምግቡ ዓይነት አልነበረም። ለበሉት እንጀራ ገንዘብ መክፈል ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ሆነባቸው። እንደሚነገረው ምኒልክ ሹማምንቱን አስከትለው ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳባቸውን ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ሌሎቹም ንጉሡ ያደረጉትን ማድረግ ግድ ሆነባቸው። በዚህ ዓይነት የወጥ ሠሪዋ ድካም ዋጋ ያለው ሙያ መሆኑ መታወቅ ጀመረ።

ምኒልክ በጽኑ ከታመሙ በኋላ እቴጌይቱ የመንግሥቱን ሥራ ለጥቂት ጊዜ ቢመሩም፣ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አገለሏቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በማዕዳቸው የበሉ ነበሩ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲያርፉ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። በአንድ ወቅት ታላቁን ግብር ባበሉበት ደብር አጠገብ በጸጥታ ኖረው፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ኋላም አጽማቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው አጠገብ ዐረፈ።

ሆቴላቸው በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ቢጎዳም ስሙ አልጠፋም። ማዕድ የዘረጋ ሁሉ ወዳጅ እንደማያተርፍ የእቴጌይቱ የመጨረሻ ዘመን ያስረዳል፤ የተሠራ ሥራ ግን ከውለታ ቢስ ሰው ይልቅ ታማኝ ነው። ዛሬ ከሚሴም ሆነች ሌላ ከተማ ውስጥ ሊጥ አቡክታ፣ ጋግራና ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ቀና ብላ የምትሄደው፣ ማብሰል የተከበረ ሙያ መሆኑን አስቀድመው ያሳዩ ስለ ነበሩ ነው።