ኬተ ኮልቪትስ፦ ድንጋይ ላይ የቀረ ፊት

እኛ የጎፋ እጩ መምህራን የማስተማሪያ ሥዕል ስንሠራ የሰው ፊት ማሳመር ይቀናናል። ጉንጩን እንሞላለን፤ ሽብሽቡን እናጠፋለን። እስቲ ዛሬ ይህን እምቢ ስላለች ጀርመናዊት ሠዓሊ እናውጋ።

ኬተ ኮልቪትስ እ.ኤ.አ. በ1867 በኬኒግስበርግ ከተማ ተወለደች። በ1891 ሐኪም አግብታ በርሊን ውስጥ በሠራተኞች ሰፈር መኖር ጀመረች። ባሏ ዘንድ ለሕክምና የሚመጡትን ድሆች፣ በተለይም እናቶችን፣ እያየች ሣለች።

ብዙ ሥራዎቿን ያተመችው በሊቶግራፊ፣ ማለትም በድንጋይ ኅትመት ነው። ዘዴው በ1790ዎቹ እዚያው ጀርመን አገር የተገኘ ሲሆን፣ የቅባትና የውሃን አለመስማማት ይጠቀማል። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሣላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል፤ ቀለም ሲቀባ የሚይዘው ቅባቱ ባለበት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወረቀት ተጭኖበት ይታተማል። ድንጋዩ ስለማይፈለፈል የእጅ ጫናም ሆነ መንቀጥቀጥ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ታዲያ የሰውን ኀዘን ለሚሥል ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ኀዘኑም ከቤቷ ገባ። በ1914 ታናሽ ልጇ ፔተር 18 ዓመቱ ስለነበር ለመዝመት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። አባት እምቢ ሲል እናት ለምና አስፈቀደችለት። ልጁ በዚያው ዓመት ቤልጅየም ውስጥ ወደቀ። ጸጸቱ ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም። በ1924 ጦርነት እንዳይደገም የሚጠይቅ ፖስተር በድንጋይ አተመች።

የራሷንም ፊት ከወጣትነት እስከ እርጅና 100 ያህል ጊዜ ሠርታለች። በ1938 ባተመችው ሊቶግራፍ በጎን የምትታየው የደከመች አሮጊት ናት፤ አንዲት መስመር እንኳ ለማሳመር አልተጨመረችም።

ናዚዎች በ1933 ከሥነ ጥበብ አካዳሚው አስወጧት። እርሷ ግን መሣሏን አልተወችም። በመጨረሻው ሊቶግራፏ አንዲት እናት ሦስት ልጆችን በክንዶቿ ስር ሸሽጋ ይታያል። በ1942 የልጅ ልጇ፣ እርሱም ስሙ ፔተር፣ ሩሲያ ግንባር ሞተ። ሥዕሉ አላዳነውም። ኮልቪትስ ራሷ በ1945 ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አረፈች።

እንግዲህ ጓዶች፣ ነገ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእናት ፊት ስንሥል፣ ሽብሽቡን ከማጥፋታችን በፊት ምን እንዳመጣው እንጠይቅ።