ጭምብል የማይይዘው ፊት

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ባጃጅ ተገልብጦ ደረስኩ። የሾፌሩ መንጋጋ ተሰብሯል፤ ፊቱ ደም በደም ሆኗል። ተረባርበን በጀርባው ልናስተኛው እንታገላለን፤ እሱ ደግሞ ቁጭ ለማለት ይፍጨረጨራል። በድንጋጤ የሚራገጥ መስሎኝ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ!

ለካ ልክ እሱ ነበር። መንጋጋ ሲሰበር ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ደሙም ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። የተንጋለለ ሰው በገዛ ደሙ ይታፈናል። ደግነቱ አንዲት ነርስ ከታክሲ ወርዳ አስቀመጠችውና ወደ ፊት አስጎነበሰችው። ራሱን ስቶ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ሳይጣመም በጎኑ ይተኛ ነበር አለችን።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ሳነብ ነው ኢቫን ማጊልን ያወቅኩት። እ.ኤ.አ. በ1888 በሰሜን አየርላንድ ላርን ከተማ ተወለደ፤ ቤልፋስት ሕክምና ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሐኪም ሆነ። በ1919 እንግሊዝ ውስጥ ሲድካፕ ወደነበረው ክዊንስ ሆስፒታል ተመደበ። እዚያ ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ቀዶ ሐኪም ጥይትና ፍንዳታ አፍንጫና መንጋጋቸውን የወሰደባቸውን ወታደሮች ፊት እንደገና ይሠራል። የማጊል ድርሻ ማደንዘዝ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ማደንዘዣ ያኔ በአብዛኛው የሚሰጠው ፊት ላይ በሚደፋ ጭምብል ነበር። ፊቱ የፈረሰ ሰው ላይ ጭምብሉ ምኑን ይይዛል? ቢይዝስ ጊሊስ የቱን ሊሰፋ ነው?

ማጊልና ባልደረባው ስታንሊ ሮውቦተም ጭምብሉን ትተው በአፍ ወይም በአፍንጫ በኩል እስከ ንፋስ ቧንቧ የሚደርስ ቱቦ መክተት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ቀጫጭን ነበሩ፣ አንዱ ማስገቢያ፣ ሌላው ማስወጫ። ኋላ ማጊል አንድ ሰፋ ያለ የጎማ ቱቦ እንደሚበቃ አየ። ከጥቅልል ጎማ ነበር የሚቆርጠው፤ የጥቅልሉ ጉብጠት ለጉሮሮ መታጠፊያ ተስማማ (እንዲህ ያለ ብልሃት ደስ ይለኛል)። በቱቦው ዙሪያ ጉሮሮው በጨርቅ ሲጠቀጠቅ ደሙ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ ሐኪሙም ፊቱን እንደልቡ ይሠራል።

ማጊል በ1960 የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ፤ በ1986 በ98 ዓመቱ አረፈ። ቱቦውን ጉሮሮ ውስጥ ለመምራት በ1920 ያስተዋወቀው ጎባጣ መቆንጠጫ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሾፌሩን ልጠይቅ ስሄድ ያቺው ነርስ መቆንጠጫውን አሳየችኝ። እጀታው ወደ ጎን የዞረ ነው፤ የሚይዘው እጅ ዓይንን እንዳይከልል። ሾፌሩ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ በማንኪያ አጥሚት ይጠጣል። እግሩን የያዝኩት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።