ገብረ ክርስቶስ ደስታ፡- ከግብርና ትምህርት ወደ ሥዕል ሙያ

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ገብረ ክርስቶስም ከቀለምና ከብሩሽ ጋር የተዋወቁት በአባታቸው ቤት ነው።

ይሁንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የገቡት ግብርና ለመማር ነበር። የኮሌጅ ትምህርት የጥቂቶች ዕድል በነበረበት በዚያ ዘመን ትምህርቱን አቋርጠው ሙሉ ፊታቸውን ወደ ሥዕል መለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጠኑ። ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እያስተማሩ ረቂቅ ሥዕልን ለኢትዮጵያ ተመልካች ካስተዋወቁት ቀደምት ሠዓሊያን አንዱ ለመሆን በቅተዋል። አሣሣላቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለለመደው ዓይን እንግዳ በመሆኑ ነቀፌታ ቢያስከትልባቸውም፣ ከመረጡት መንገድ አላፈገፈጉም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ተሸላሚ ሆነዋል።

በደርግ ዘመን ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስማቸው ተሰይሟል። ግብርናን ትተው የመረጡት ሙያ ስማቸውን ከመቃብር በላይ አውሎታል።