ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክና ስለ ስም መታሰብ

የልደታ ለማርያም ደብር ልጆች ሆይ፤ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት ስናከብር የተወለደችበትን ቀን ብቻ አናስብም፤ ስሟንም እንጠራለን እንጂ። ቤተ ክርስቲያናችንም ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን ስታጠምቅ ለእያንዳንዱ ስም ትሰጣለች፤ ሲሞትም በዚያው ስም ትጸልይለታለች። ስም የሌለው ልጅ የላትም። ስለዚህ በዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፋችን፣ ስማቸው ጠፍቶ ሳለ በአንዲት አሮጊት ፍቅር የተገኘላቸውን ሰው፣ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ በአጭሩ ልናገር ወደድሁ።

ወርቅነህ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጎንደር ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተሰብራ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው በሞቱ ጊዜ፣ ይህ ሕፃን ከወገኖቹ ተለይቶ በእንግሊዞች ጦር እጅ ገባ። ቻምበርሌን የሚባል መኰንን አንሥቶ ወደ ህንድ አገር ወሰደው። እርሱ በሞተ ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የእናቱን ቋንቋ ረሳ፤ ወገኖቹ ባወጡለት ስም የሚጠራውም ሰው አልነበረም። ነገር ግን ትጉህ ነበረና በላሆር ሕክምናን ተማረ፤ ኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን ጨምሮ በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሐኪም ሆኖ አገለገለ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ወሬው በተሰማ ጊዜ የሐኪሙ ልብ ወደ አገራቸው ዞረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ድንኳን ተክለው ድኻውን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። ሕዝቡም እንግዳ የውጭ አገር ሐኪም ናቸው ይል ነበር። አያታቸው ግን ወሬውን ሰምተው መጡ፤ በሰውነታቸው ላይ ያለውን የጠባሳ ምልክት አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን ለዩ፤ ስማቸውም ወርቅነህ እንደ ሆነ አስታወቋቸው። ከመቅደላ ወዲህ 30 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ያ ስም በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ተጠብቆ ኖረ።

የቅኔ ቤት ልጆች ሰምና ወርቅን ታውቃላችሁ። ሰሙ በላይ ይታያል፤ ወርቁ ግን ፈልጎ ለሚያገኘው ነው። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ሰም ነበረ፤ ወርቁን አያታቸው አገኙት።

ሐኪም ወርቅነህም ያገኙትን ቸርነት ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው ወገናቸውን አገለገሉ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቈጣጣሪ ነበሩ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን ባሪያ ጌታው በወደደው ስም ይጠራ ነበርና፣ ስሙን ያጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእርሳቸው ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ኋላም የጨርጨር ገዥ፣ ከዚያም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ሳሉ በ1929 ዓ.ም. ቢንያምና ዮሴፍ የሚባሉ ሁለት ልጆቻቸውን ጣልያኖች ገደሉባቸው። በሕፃንነቱ ከወገኑ የተለየው አባት ልጆቹን ለመቅበር እንኳ አልታደለም። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ስጽፍ እኔም በራሴ ላይ እፈርዳለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዘወትር የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት ነበረች። በየጧቱ ስሜን ጠርታ ደኅንነቴን ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ አልፍ ነበር። በሞተች ጊዜ ለፍትሐት የክርስትና ስሟን ብንፈልግ ከካህናቱ የሚያውቅ ጠፋ፤ የነገረን አብሯት ይለምን የነበረ ዕውር ነው። ስንት ዘመን ያስተማርሁ ሰው በዚያ ቀን ከዕውሩ ተማርሁ።

እንግዴህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ይህ በጎነት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሹመትም አያሻውም። ካህኑ የንስሓ ልጆቹን እስከ ሕፃናቱ ድረስ በየስማቸው ይወቅ። ምእመኑም ውኃ የሚቀዳለትን፣ በር የሚጠብቅለትን፣ በደጁ የሚለምነውን ስሙን ይጠይቀው፤ በማግስቱም በዚያው ስም ጠርቶ ሰላም ይበለው። በሕዝብ መካከል ጠፍቶ፣ አያቱ እንደ መጡለት የሚመጣለትን የሚጠብቅ ስንት ሰው እንዳለ እግዚአብሔር ያውቃል። የሁላችንንም ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ አሜን።